ብረትን መያዝና ማስለቀቅ

ዘይትና ውሃ ቢመቱም ተዋሕደው እንደማይቀሩ ሁላችንም እናውቃለን። የኬሚስትሪ ሊቃውንትም ብረትን ከአሲድ ውሃ የሚለዩት በዚሁ ጠባይ ነው፤ ይኸውም ብረት የሚይዝ ቅመም በላምባ አሟሙተው ከውሃው ጋር ሲመቱት፣ ላምባው ብረቱን ይዞ ይንሳፈፋል፤ ውሃውም ጠርቶ ከታች ይቀራል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። በናሚቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ሥራ የጀመረው የስኮርፒዮን ፋብሪካ በዚህ ዘዴ ዚንክ ያወጣ ነበር። አብዛኛው ብረት አስቀድሞ በኖራ ድንጋይ ዘቅጦ ይወገዳል። ዚንኩን ከላምባው ለማስለቀቅ የሰልፈር አሲድ ይበቃል፤ ሾልኮ የገባው ጥቂት ብረት ግን አልለቅም ብሎ በየዙሩ ይጠራቀማል። ስለዚህ ከላምባው ጥቂት ጥቂቱ እየተቀነሰ በብርቱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይታጠብ ነበር።

እንግዲህ እኛም «ብረቱን ምን ይይዘዋል?» ከማለታችን በፊት «ምንስ ያስለቅቀዋል?» ብለን እንጠይቅ።