የኢንተርኔት ማስታወቂያና የላስታ ነጋዴ

ነጋዴ ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው መልካም ዕቃ ማዘጋጀት ነው፤ ሁለተኛው ዕቃው መኖሩን ለሚፈልገው ሰው ማስታወቅ ነው። በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ይህ ሁለተኛው ሥራ እምብዛም አያስቸግርም። ገዢው ማሩን ቀምሶ፥ ጋቢውን በእጁ ዳስሶ፥ የሻጩንም ፊት አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን ተቀምጦ ለገና በዓል ማደሪያ የሚፈልግ እንግዳ ግን መቅመስም መዳሰስም አይችልም። እርሱ አስቀድሞ የሚጠይቀው በእጁ የያዘውን ስልክ ነው። ስልኩ የነገረውን ያምናል፤ ስልኩ ያልነገረውን ሆቴልና ሱቅ ግን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ስልኩ ስለ እኛ ምን እንደሚናገር ማወቅ ከሒሳብ መዝገብ አያያዝ የማያንስ የንግድ ጉዳይ ሆኖአል።

በኢንተርኔት የሚደረገው ማስታወቂያ በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይከፈላል። የመጀመሪያው እንደ ጉግል ባሉ የመረጃ መፈለጊያዎች የሚደረገው ነው፤ ሁለተኛው እንደ ፌስቡክ፥ ቴሌግራምና ቲክቶክ ባሉ ማኅበራዊ መገናኛዎች የሚደረገው ነው። ሁለቱ በጠባያቸው ይለያያሉ። በመፈለጊያው በኩል የሚመጣ ሰው ራሱ ጥያቄ ይዞ የመጣ ነው፤ «ሆቴል በላሊበላ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አልጋ ሊከራይ አስቦአል። በማኅበራዊ መገናኛ የምናገኘው ሰው ግን ምንም ሳይጠይቅ የወዳጆቹን ወሬ ሲመለከት ያገኘነው ነው። የፊተኛው ሱቅ ገብቶ «ይህ ዕቃ አላችሁ ወይ» እንደሚል ገዢ ነው፤ የኋለኛው በሱቁ ደጃፍ እንደሚያልፍ መንገደኛ ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ንግግር አይነገራቸውም።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ በላሪ ፔጅና በሰርጌ ብሪን የተቋቋመ ኩባንያ ነው። አሠራሩን በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፥ የኩባንያው መሣሪያዎች የኢንተርኔትን ገጾች እየዞሩ ያነባሉ፤ ያነበቡትንም በመጽሐፍ መጨረሻ የሚገኘውን የቃላት ማውጫ በሚመስል ታላቅ መዝገብ ያሰፍራሉ። ሰው ሲጠይቅ መልሱ ከዚህ መዝገብ ይወጣል። የትኛው ገጽ ቀድሞ እንደሚታይ የሚወሰነው በብዙ ምልክቶች ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ የገጹ ቃል ከጥያቄው ጋር መስማማቱ፥ ሌሎች የታመኑ ገጾች ወደ እርሱ መምራታቸው፥ በስልክም ላይ ቶሎ መከፈቱ ይገኛሉ። በአንድ ከተማ ስላለ ንግድ ቤት ሲጠየቅ ደግሞ ሦስት ነገር እንደሚመለከት ኩባንያው ራሱ ገልጾአል፤ ይኸውም ንግዱ ለጥያቄው ተስማሚ መሆኑን፥ ከተጠየቀው ቦታ ያለውን ርቀት፥ በሕዝብም ዘንድ ያለውን ታዋቂነት ነው። በዚህ ተራ ከፍ ብሎ መታየት በገንዘብ አይገዛም። ገንዘብ የተከፈለበት ማስታወቂያ ለብቻው ምልክት ተደርጎበት ይወጣል።

ከዚህ የተነሣ የላስታ ነጋዴ የመጀመሪያ ሥራው ገንዘብ ማውጣት ሳይሆን ስሙን ማስተካከል ነው። ጉግል ለንግድ ቤቶች በነጻ የሚሰጠው የንግድ መግለጫ ገጽ አለ። በእርሱም ላይ የቤቱ ቦታ በካርታ፥ የስልኩ ቁጥር፥ የሚከፈትበት ሰዓት፥ ፎቶግራፉና የእንግዶች አስተያየት ይታያሉ። ባለቤቱ ገጹ የራሱ መሆኑን አረጋግጦ ካልተረከበና ካልተከታተለው፥ መንገደኛ የጠቆመው ስሕተት እንደ እውነት ቆሞ ሊኖር ይችላል።

ይህ ነገር በላሊበላ ከሌላ ስፍራ ይልቅ ይከብዳል። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ከተመዘገቡ ወዲህ የከተማይቱ ንግድ ከእንግዳ ጋር እየተያያዘ ሄዶአል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ እንግዳ ቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ከተማይቱ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ መንገዱንም መገናኛውንም አስቸገረ። በእነዚህ ዓመታት በሩን ለመዝጋት የተገደደ ቤት፥ ካርታው ላይ «ተዘግቷል» ተብሎ ተጽፎበት ከሆነ፥ በሩን ቢከፍትም ጽሑፉ በራሱ አይነሣም። ሠራተኛው አልጋ አንጥፎ ሲጠብቅ፥ ስልኩ እንግዳውን ወደ ሌላ ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ጉግል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጠናቀረ መልስ ከገጹ በላይ ማውጣት ስለ ጀመረ ጉዳዩ የበለጠ ያሳስባል፤ መልሱ የሚጠናቀረው ቀድሞ ከተጻፈው ነውና፥ አሮጌ ወሬ እንደ አዲስ ሊነገር ይችላል። እንግዳ ስለ መንገዱ ሁኔታ ሲጠይቅ ደግሞ እውነቱ ይነገረው። ተታሎ የመጣ እንግዳ አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ሲመለስ ግን የሚጽፈው አስተያየት ከተማይቱን ሁሉ ይጎዳል።

ቀጥሎ የሚታሰበው የፊደል ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሀ፥ ሐና ኀ ለጆሮ አንድ ድምፅ ቢሆኑም በመሣሪያው ዘንድ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሠና ሰ፥ ዐና አ፥ ጸና ፀም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ በገጹ ላይ «ዕደ ጥበብ» ብሎ የጻፈ ሻጭና «እደጥበብ» ብሎ የሚፈልግ ገዢ ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ። መፍትሔው ለንግዱ ስም አንድ አጻጻፍ መርጦ በሰሌዳው፥ በደረሰኙ፥ በካርታውና በገጹ ላይ ያንኑ መጻፍ ነው፤ በመግለጫው ውስጥ ግን ሕዝቡ የለመዳቸውን ሌሎች አጻጻፎች በተገቢው ቦታ ማስገባት ይጠቅማል። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍም እንዲሁ አንድ ይሁን። የስልክ ቁጥሩ ከአገሪቱ መለያ ከ251 ጋር ይጻፍ። ደግሞም ብዙ ባለሱቆች ዋጋውንና አድራሻውን በፎቶግራፍ ላይ ብቻ አጽፈው ይለጥፋሉ። መፈለጊያው በሥዕል ላይ ያለውን ጽሑፍ እንደ ተራ ጽሑፍ አስተካክሎ ያነበዋል ብሎ መተማመን አይገባም፤ ስለዚህ ዋናው ቃል ከሥዕሉ ሥር በጽሑፍ ይደገም።

ለማርና ለሸማ ላኪዎች ደግሞ የሚከተለውን እናስገነዝባለን። ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡት በትውፊት ይነገራል፤ ይህ ለማር ሻጭ መልካም መግቢያ ነው። ነገር ግን ገዢው የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ማሩ መቼ ተቆረጠ? ተጣርቶአል ወይስ ከነሰፈፉ ነው? በምን ዕቃ ይታሸጋል? አንዱ ኪሎ ስንት ነው? በስንት ቀን ይደርሳል? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ የሚመልስ አንድ ገጽ፥ «ምርጥ» የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ ከሚደግም ገጽ ይበልጣል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ሠፈር ያቋቋመችው የሶልሬብልስ ጫማ ሥራ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ጫማው ከአሮጌ የመኪና ጎማ መሠራቱን ሳይደብቅ፥ እንዲያውም ዋና መታወቂያው አድርጎ፥ በኢንተርኔትም ጭምር በባሕር ማዶ ገዢ አግኝቶአል። የዕቃውን እውነተኛ ታሪክ መናገር ራሱ ማስታወቂያ ነው።

ስሙ ከተስተካከለ በኋላ በገንዘብ ወደሚደረገው ማስታወቂያ ማለፍ ይቻላል። በጉግል ላይ ነጋዴው አንድ ቃል መርጦ፥ ሰው ማስታወቂያውን በነካ ቁጥር እስከ ስንት እንደሚከፍል ያስታውቃል፤ ተራው የሚወሰነው ባቀረበው ዋጋ ብቻ ሳይሆን በማስታወቂያውና በገጹ ጥራትም ነው። እንግዲህ ነጋዴው በሒሳብ ይመራ። 3,000 ብር ወጥቶ 150 ሰዎች ቢነኩት፥ ከእነርሱም 12ቱ ደውለው 3ቱ አልጋ ቢይዙ፥ አንዱ እንግዳ 1,000 ብር አስወጥቶአል ማለት ነው። ከአንድ እንግዳ የሚቀረው ትርፍ 1,500 ብር ከሆነ ማስታወቂያው ጠቅሞአል፤ 800 ብር ከሆነ ግን በእያንዳንዱ እንግዳ 200 ብር ከስሮአል። አልጋ አስያዥ ድርጅቶች ከዋጋው ላይ የሚወስዱት ኮሚሽንም በዚሁ ሚዛን ይመዘን። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ስለሚፈጸም ነጋዴው አስቀድሞ ከባንኩ ጋር ይማከር።

በማኅበራዊ መገናኛ ሥራው ሌላ ነው። እነዚህ መገናኛዎች አንድን ጽሑፍ ወይም ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለብዙ ሰው የሚያሳዩት፥ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ቆመው ያዩት፥ መልስ የሰጡበትና ለሌላ ያካፈሉት እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ዋጋ ብቻ ከመለጠፍ ይልቅ ሸማኔው ጥለቱን ሲጥል፥ ብራና ሠሪው ቆዳውን ወጥሮ ሲፍቅ፥ ንብ አናቢው ቀፎውን ሲከፍት ማሳየት ይሻላል። ነገር ግን ምእመናንንና ካህናትን ሳያስፈቅዱ ማንሣት፥ ጸሎታቸውንም የሱቅ ማስታወቂያ ማድረግ ነውር ነው። ለጠያቂ በዕለቱ መመለስ፥ ለነቀፋም በትሕትና መልስ መስጠት ይገባል። በገንዘብ የተገዛ የምስጋና አስተያየት የመገናኛዎቹን ደንብ ይጥሳል፤ የነጋዴውንም እምነት ያጠፋል። በሕግም በኩል ቢሆን በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሎአል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ለሚደረግ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቶታል። እንግዲህ በስልክ የተጻፈ የዋጋ ተስፋ እንደ ዋዛ አይታይ።

በመጨረሻ የምናሳስበው ዋና ነገር አለ። የፌስቡክ ገጽ ወይም የቴሌግራም ቻናል የነጋዴው ርስት አይደለም፤ በሰው መሬት ላይ የተሠራ ዳስ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው እንደ ነበር እናስታውሳለን፤ ከዚያም በዓመቱ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በዚያ ጊዜ ደንበኞቹን በቻናል ብቻ ያወቀ ነጋዴ የማንንም ስልክ ሳይዝ ቀረ፤ የደንበኞቹን ስምና ስልክ በመዝገብ የጻፈ ግን ድምፅ ሲከፈት ደውሎ ሊያገኛቸው ቻለ። ስለዚህ ማስታወቂያው በሰው ዳስ ቢሆንም መዝገቡ በራስ ቤት ይሁን፤ ደንበኛው የሰጠውን ቁጥርም ያለ ፈቃዱ ለሌላ አሳልፎ አለመስጠት የነጋዴ አደራ ነው። በአዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ ወይም ወኪል የገጹን ቁልፍ በአደራ ቢይዝ፥ መስመር በተቋረጠ ጊዜ ገጹ ላይ እውነተኛውን ወሬ ሊጽፍ ይችላል።

ለገና ወደ ላሊበላ የሚመጣ እንግዳ፥ በተለይም ከባሕር ማዶ የሚመጣው፥ ጉዞውን ከወራት በፊት ያስባል። እንግዲህ ባለሆቴሎችና ባለሱቆች የታኅሣሥን ወር ሳይጠብቁ በመስከረም ሥራቸውን ይጀምሩ። በካርታው ላይ ስማቸውንና ሰዓታቸውን ይመርምሩ፤ «ተዘግቷል» የሚል ካለ ያስነሡ፤ የሚመልስ ስልክ ይጻፉ፤ የደንበኞቻቸውን መዝገብ ያድሱ። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ስልክና ጥቂት ሰዓት ነው፤ ገንዘብ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው።