ዕጣ ያልወጣለት ማሳ

በአብደራፊ ዙሪያ ባለው ጥቁር ዋልካ ላይ የሰሊጥ ጠላት ድርቅ ብቻ አይደለም፤ የተኛ ውኃም ነው። ዶፉ ወርዶ ከማሳው ግርጌ ሲቋጠር ሰሊጡ ይጠወልጋል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። የማሳው ራስጌ ግን ውኃውን አሳልፎ ለምልሞ ይቆያል።

እዚህ ላይ አዲሱ ዘር ከራስጌ፣ ነባሩ ከግርጌ ተዘርቶ አዲሱ በሁለት ኩንታል ቢበልጥ፣ ብልጫው የዘሩ ይሁን የተዳፋቱ ሚዛን አይናገርም። ከዚያው ማሳ አሥር ቦታ ናሙና መውሰድም አያድን፤ አሥሩም የሚመሰክሩት ስለ አንድ ማሳ ነው።

የምርምር ማዕከላት መደቦቻቸውን በዕጣ የሚደለድሉት ለዚህ ነው። ሠርቶ ማሳያ ግን ሌላ ነው። ሰው እንዲያየው መንገድ ዳር፣ ውኃ በማይተኛበት ቦታ፣ ብርቱ ገበሬ ማሳ ላይ ይዘራል። ለማሳመን ጥሩ ነው፤ ለመመዘን ግን ያስቸግራል።

ዕጣን ለእርሻ ሙከራ ያስተማረው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ራሱ የጀመረው ዕጣ ካልወጣለት መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲገባ የጠበቀው ብሮድባልክ የተባለው የስንዴ ማሳ መዝገብ ነበር። ሙከራው በ1843 የተጀመረ ሲሆን፣ እያንዳንዱ የማዳበሪያ ዓይነት በኋላ የራሱን ቋሚ ቦታ ያዘ። ፊሸር በ1921 ባወጣው ጥናት የዓመት ዓመቱን መዋዠቅ፣ የአፈሩን መድከምና ሌላውን አዝጋሚ ለውጥ ለያይቶ አሳየ። የቦታን አድልዎ ከማዳበሪያው መለየት ግን በስሌት ብቻ የሚሆን አልነበረም።

በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት በዕጣው አልተስማማም። ሁለት ዘሮችን በተራ፣ አንዱን ከዳር፣ ሌላውን ሁለት ጊዜ ከመሃል፣ የመጀመሪያውን ደግሞ እንደገና ከዳር መዝራት ይበልጣል ባይ ነበር፤ አፈሩ በአንድ አቅጣጫ እኩል እየከፋ ሲሄድ ጉዳቱ ለሁለቱም ይካፈላልና። በ1937 እስከ ሞተበት ድረስ ከፊሸር ጋር ተከራከረ። በዚያው ዓመት ግሪካዊው ፓፓዳኪስ የእያንዳንዱን መደብ ምርት በጎረቤቶቹ ምርት የማረም ዘዴ አቀረበ።

ለአብደራፊ ዓይነቱ ሠርቶ ማሳያ ቀላሉ መንገድ እያንዳንዱን ገበሬ እንደ አንድ ጥንድ መቁጠር ነው፦ በየማሳው የአዲሱና የነባሩ ልዩነት ይወሰዳል፣ ልዩነቶቹም ጎሴት ባዘጋጀው የቲ-ፈተና (t-test) ይመዘናሉ። ሆኖም አዲሱ ዘር በሁሉም ማሳ ራስጌውን ከያዘ፣ ሺህ ገበሬ ቢጨመር ያው አድልዎ ሺህ ጊዜ ይደገማል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ የማሳው ተዳፋት፣ የተዘራበት ቀንና ባለፈው ዓመት ማሽላ ወይም ሰሊጥ የነበረበት መሆኑ ከምርቱ ጎን ይመዝገብ። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ትራክተሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለየማሳው ሳንቲም ቢወረወር ይበቃል።