ሲብስ የሚጠራ ፖሊስ

በሰሜን ጎንደር፣ በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች አንድ ሰው አእምሮው ሲታወክ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠራው ፖሊስ አይደለም። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጉልበት ያላቸው ይይዙታል፣ የንስሐ አባት ይመጣሉ፣ ፀበል ይወሰዳል። ካልተረጋጋ ቤት ውስጥ ይታሰራል፤ በገመድ፣ ሲቆይም በሰንሰለት። ፖሊስ የሚደርሰው ሰው ሲቆስል፣ ጎጆ ሲቃጠል ወይም ሕመምተኛው አምልጦ ገበያ መሀል ድንጋይ ሲወረውር ነው። በዚያን ጊዜ ሕመሙ ወራት አስቆጥሯል፣ ቤተሰቡ ደክሟል፣ መንደሩም ፈርቷል።

ይህን አኗኗር ሕጉም ያውቀዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 342 ነዋሪው ከ2,000 በታች በሆነበት ቦታ፣ ዘመዶቹ ወይም አብረውት የሚኖሩት በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት የሚጠብቁትንና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የከለከሉትን ሰው እብደቱ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጥረዋል። አንቀጹ የተጻፈው ግን እንዲህ ያለ ሰው የገባው ውል ይጸናል ወይስ ይፈርሳል ለሚለው ጥያቄ ነው። የታሰረውን ማን ሐኪም ዘንድ ያድርሰው የሚለውን አይነካም። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሥራ ዘመዶች ልጃቸውን በሰንሰለት የሚያስሩት ሕክምና ሲርቃቸውና ሲከብዳቸው፣ እሱንም ሰውንም ከጉዳት ለማዳን እንደሆነ ያሳያል። እያለቀሱ የሚያስሩ እናቶች አሉ። ፖሊሱ እንዲህ ያለ ቤት ሲገባ ጨካኝ ቤተሰብ አገኘሁ ብሎ ቢነሣ ሥራው ገና ከመጀመሩ ይበላሻል።

ቦታው ላይ ሲደርስ የሚያስፈልገው ሙያ በአብዛኛው ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ ዱላ የያዘውን ሕዝብ ማራቅ፤ ጩኸትና ግርግር የፈራን ሰው ይበልጥ ያስደነግጣል። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ ሦስት ሰው በአንዴ ትእዛዝ ሲሰጥ ጤነኛውም ግራ ይጋባል። በስሙ መጥራት፣ ሽማግሌ ከሆነ «አያ» ማለት፣ ወጣት ከሆነ «ወንድሜ፣ አልመታህም፣ እስኪ ቁጭ በል» ማለት፣ ርቀት መጠበቅ፣ መውጫውን አለመዝጋት። መሣሪያ በየቤቱ ባለበት አገር ደግሞ ጠመንጃው የት እንዳለ አስቀድሞ ከዘመድ መጠየቅ ግድ ነው።

እዚህ ላይ የሰሜኑን ጦርነት ማለፍ አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች በግፍ ተገድለዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል ሌላ የትጥቅ ግጭት ውስጥ ነው። መለዮ የለበሰ ሰው ቤቱ ሲገባ ያየ፣ ሕመሙም የሚያሳድዱት ሰዎች እንዳሉ የሚነግረው ሕመምተኛ ፖሊስ ሲያይ ቢሸሽ ወይም ቢያጠቃ አይፈረድበትም። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም የሚያከብረው ሽማግሌ ቀድሞ ቢያነጋግረው፣ ፖሊሱም ከኋላ ሆኖ ቢጠብቅ የተሻለ ነው እላለሁ።

የአያያዙ ጥፋት የት እንደሚያደርስ በእስራኤል ታይቷል። ዳባትና ደባርቅ ያሉበት የወገራና የስሜን አካባቢ ዛሬ በእስራኤል የሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያን የጥንት አገር ነው። በጥር 2011 ዓ.ም. ባት ያም ከተማ ውስጥ የ24 ዓመት ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት ቢላ ይዞ ከቤት ሲወጣ የአእምሮ ሕመሙን የሚያውቁት ቤተሰቦቹ ፖሊስ ጠሩ፤ የመጣው ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። ያ ቤተሰብ የጠራው ለእርዳታ ነበር።

በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1987 ፖሊሶች ቢላ የያዘ ሕመምተኛ ገድለዋል። በቀጣዩ ዓመት ከተማዋ ከሐኪሞችና ከሕመምተኛ ቤተሰቦች ጋር ተማክራ ፈቃደኛ ፖሊሶችን 40 ሰዓት ማሠልጠን ጀመረች። ብዙዎች የሚያወሱት ሥልጠናውን ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ፖሊሱ ሕመምተኛ ይዞ ሲመጣ ያለ ምልልስ ተረክቦ የሚያሰናብተው ሆስፒታል አብሮ መዘጋጀቱ ነው። ተቀባይ የሌለው ፖሊስ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ የጣቢያው ማቆያ።

ደባርቅ ሆስፒታል አለው፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደግሞ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የወረዳ አምቡላንስ በአብዛኛው ለወላድ እናቶች የታሰበ ስለሆነ ሕመምተኛው እጁ ታስሮ በሕዝብ መኪና ሊጓዝ ይችላል። ከቀበሌው እስከ ደባርቅ፣ ከደባርቅ እስከ ጎንደር ማን እንደሚያጅብ፣ ነዳጅ ማን እንደሚከፍል፣ ሌሊት ማን እንደሚረከብ የፖሊስ ጽሕፈት ቤቱና የጤና ጽሕፈት ቤቱ አስቀድመው በወረቀት ቢስማሙ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃ አያሻም።

ወንጀል ከተፈጸመ መንገዱ ይረዝማል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 በአእምሮ ሕመም ምክንያት ድርጊቱን ሊረዳ ወይም ራሱን ሊገታ ያልቻለ ሰው በወንጀል እንዳይቀጣ ይደነግጋል፤ አንቀጽ 51 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሲጠራጠር የባለሙያ ምርመራ እንዲያዝ ያስገድዳል። ለዚህ ምርመራ ፍርድ ቤቶች ለረጅም ዘመን የላኩት አዲስ አበባ ወዳለው አማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ ከደባርቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ። ሐኪሙ ሕመምተኛውን የሚያየው ከድርጊቱ ብዙ ቆይቶ በመሆኑ፣ በዕለቱ ምን ይናገር እንደነበር፣ ስንት ቀን እንዳልተኛ፣ መድኃኒት መቼ እንዳቋረጠ ፖሊሱ በመዝገቡ ላይ ያሰፈረው ቃል ትልቅ ዋጋ አለው። «ተጠርጣሪው አልታዘዝም አለ» ብሎ የዘጋ መዝገብ ለሐኪሙም ለዳኛውም አንዳች አይነግራቸውም።