የገጠር ሕፃናት ነርሶች፦ ሞት ሲቀንስ ሥራው ለምን ከበደ?

በ1992 ዓ.ም የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በዚህ ድል ውስጥ የገጠር ነርሶች ድርሻ ትልቅ ነው፤ የእነሱ ሸክም ግን አብሮ አልቀለለም።

ለውጡ ደረጃ በደረጃ ነው የመጣው። በ1995 ዓ.ም የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ተጀመረ። ፔንታቫለንት ክትባት በ1999፣ የኒሞኮካል ክትባት በ2004፣ የሮታ ክትባት በ2006 ገቡ። በመሀሉ የሳንባ ምች ሕክምና እስከ ጤና ኬላ ወረደ። ቀላሉ ሕመም እዚያው ቀበሌ ውስጥ መታከም ሲጀምር፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ልጅ ሕመሙ የጠናበት ሆነ።

የሟቾቹ ዕድሜም ተለወጠ። በ1992 ከሚሞቱት ልጆች ከአሥሩ ሦስቱ ገና አንድ ወር ያልሞላቸው ጨቅላዎች ነበሩ፤ በ2008 ከአሥሩ ከአራት በላይ ሆኑ። በ2011 ዓ.ም የተደረገው አነስተኛ ጥናት ደግሞ የጨቅላዎች ሞት መቀነሱን አላሳየም።

ከፍ ያለ ልጅን ማከምና ጨቅላን መንከባከብ ለየቅል ሥራዎች ናቸው። የዓመት ልጅ ሳል ይዞት ሲመጣ ነርሷ ልብሱን ገልጣ፣ እናቱ እቅፍ ውስጥ ጸጥ እስኪል ጠብቃ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ትቆጥራለች፤ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፣ መድኃኒት ይጀመርለታል። ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዓይን የሚነቀልበት አይደለም። ሙቀቱ ይጠበቃል፣ ክር በምታህል ደም ሥር ካኑላ ይገባል፣ መድኃኒቱ በክብደቱ ተሰልቶ ይለካል፣ መጥባት ካልቻለ የእናቱ ወተት ታልቦ በቱቦ ይሰጠዋል። ይህን ሁሉ የምትሠራው ብዙ ጊዜ ለሕፃናት ተብላ ያልተማረች ክሊኒካል ነርስ ናት፤ በዚያው ዲዩቲ አዋቂ ሕሙማንንም ታያለች። መብራት ሲጠፋ የኦክስጅን ማምረቻውም ይቆማል።

በዚህ ላይ ከ2013 ዓ.ም ወዲህ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በጦርነት ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ እስከ ሥራ ማቆም ደረሰ። የኑሮ ውድነቱና የሚዘገየው የዲዩቲ ክፍያ የገጠሯን ነርስ ዓይኗን ወደ ከተማ እንድታማትር ያደርጓታል። የቀረችውም ብትሆን ጨቅላ መንከባከብ ሠልጥና እጇ ሲፈታ ወደ ሌላ ክፍል ትዛወራለች፤ በቦታዋ የምትተካው ከሀ ትጀምራለች።

ያለፉት ዓመታት ድል የተገኘው ክትባትና መድኃኒት ወደ ሕዝቡ ቀርበው ነው። የቀረውን የጨቅላዎች ሞት የሚቀንሰው ግን የሠለጠነች ነርስ በቦታዋ መቆየቷ ነው። ስለዚህ በሥልጠና ቁጥር ብቻ አንርካ፤ የሠለጠነችው ከክፍሏ አትነሣ፣ የዲዩቲ ክፍያዋ በወሩ ይድረሳት፣ ማደሪያ ይዘጋጅላት፣ ክፍሏም መብራት አይለየው።