የሌድቪል ኦፔራ ቤት፦ አሮጌ ቴአትር ቤት እንዴት ይታደሳል?

በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት፣ በሮኪ ተራሮች መካከል፣ ሌድቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቆረቆረች በከፍታዋ ከእንጦጦ አናት ብዙም አታንስም። የነዋሪዎቿ ቁጥር ዛሬ ሦስት ሺህ አይሞላም። በዋናው መንገዷ ዳር ግን አንድ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ሕንፃ አለ፤ ታቦር ኦፔራ ቤት ይባላል። የዚህን ሕንፃ የእድሳት ታሪክ የተከተለ ሰው፣ ያረጀ ቴአትር ቤት ዳግም የሕዝብ መድረክ እስኪሆን ድረስ ምን ምን እንደሚያልፍ አብሮ ይረዳል።

ሕንፃውን ያሠራው ከብር ማዕድን የከበረው ሆራስ ታቦር ነው። ሥራው በ100 ቀናት አልቆ ኅዳር 1879 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሩ ተከፈተ። ያን ጊዜ ባቡር ሌድቪል አልደረሰም፤ ከሩቅ የሚመጣው የግንባታ ዕቃ ሁሉ ተራራውን የወጣው በእንስሳት በሚጎተት ጋሪ ነው። ምድር ቤቱ ለሱቆች ተከራየ፤ አዳራሹና መድረኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኑ። ይህ አሠራር በዘመኑ የተለመደ ነበር፤ የሱቆቹ ኪራይ ከላይ ያለውን ቴአትር ይደጉማል። በ1882 አየርላንዳዊው ደራሲ ኦስካር ዋይልድ እዚሁ መድረክ ላይ ቆሞ ለማዕድን ቆፋሪዎች ስለ ሥነ ጥበብ ንግግር አድርጓል።

በ1893 የብር ዋጋ ሲወድቅ ከተማዋም ታቦርም አብረው ወደቁ፤ ሕንፃው ከእጁ ወጣ። በ1901 ኤልክስ የተባለው የወንድማማችነት ማኅበር ገዛውና በማግስቱ ዓመት መድረኩን እንደ አዲስ አሠራው። ከዚያ በኋላ ሲኒማ መጣ፣ ቴሌቪዥን ተከተለ፣ የማኅበሩም አቅም ደከመ። በየአገሩ ስንትና ስንት ቴአትር ቤት እንዲህ ባለው ዘመን ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል።

ይኼኛውን ከዚያ ዕጣ ያዳኑት ወይዘሮ ፍሎረንስ ሆሊስተር ናቸው። በ1955 ገዙት፤ ከእሳቸው በኋላም ልጃቸው ወይዘሮ ኢቭሊን ፈርማን ተረከቡት። ለአሥርት ዓመታት በሩን ለጎብኚ ክፍት አድርገው፣ ታሪኩን እየተናገሩና በመጽሐፍ እየጻፉ አቆዩት። ሕንፃውን በሙሉ ለማደስ የሚበቃ ገንዘብ አልነበራቸውም። ነገር ግን አላፈረሱትም፣ ውስጡን አውጥተው አልሸጡትም፣ ዘመናዊ እናድርገው ብለውም አልቀያየሩትም። ስለ ቅርስ እድሳት ሲወራ የሚመሰገኑት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ይዘው የመጡት ናቸው። ለእኔ ግን ትልቁን ሥራ የሠሩት ገንዘብ ባልነበረበት ዘመን ቁልፉን የያዙት እናትና ልጅ ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ኖሮ የሚታደስ ነገር አይኖርም ነበር።

በ2016 የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች ጥበቃ ባለአደራ ድርጅት ኦፔራ ቤቱን እጅግ አደጋ ላይ ካሉት 11 ቅርሶች አንዱ ብሎ መዘገበው። በዚያው ዓመት የሌድቪል ከተማ አስተዳደር ከቤተሰቡ ገዛው። ለትርፍ ያልቆመ አንድ ድርጅትም የእድሳቱን ሥራና ዝግጅቶቹን ይዞ ተነሣ።

እድሳት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ወርቅማ ቀለም፣ አዲስ ወንበርና ደማቅ መብራት ነው። ሥራው የሚጀመረው ግን ከውኃ ነው። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ግድግዳው እርጥበት የሚያስገባ ቤት ውስጥ ወንበር ማልበስ ገንዘብን ውኃ ውስጥ መጣል ነው። በሌድቪልም ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ የውጭውን የጡብ ግድግዳና መስኮቶቹን መጠገን ነበር።

የጡብ ነገር ሲነሣ ሁሌም ስለሚደጋገም አንድ ስሕተት ጥቂት ልበል። የድሮ ጡብ ለስላሳ ነው፤ የተያያዘውም በኖራ ነው። ኖራ ከጡቡ ይልቅ ስለሚለሰልስ፣ ግድግዳው በሙቀትና በብርድ ሲላወስ የሚሰነጠቀው እሱ ነው፤ ወደ ውስጥ የገባ እርጥበትም በኖራው በኩል ተንኖ ይወጣል። ጠጋኙ «ጠንካራ ይሻላል» ብሎ ስንጥቁን በስሚንቶ ሲደፍነው ውኃው መውጫ ያጣል። ጡቡ ውስጥ ይቀራል፣ ሌሊት ሲበርድ ወደ በረዶ ይለወጣል፣ በረዶም ከውኃ የሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ የጡቡን ፊት ገፍቶ ይልጠዋል። ስሚንቶው ደኅና ሆኖ ጡቡ ይረግፋል። የጎንደርን ግንቦች የሚያውቅ ይህን አይስተውም፦ ለዘመናት የቆሙት በኖራ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በስሚንቶና በኮንክሪት የተጠገኑትን ክፍሎች በኋላ የመጡ ባለሙያዎች እንደገና ወደ ኖራው ለመመለስ ደክመውባቸዋል።

ከጣሪያና ከግድግዳ ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከሁሉ በላይ፣ ያሉት የመድረክ ዕቃዎች ናቸው። በታቦር ኦፔራ ቤት የተገኘው ሀብት ይኸው ነው። በሸራ ላይ የተሣሉ የመድረክ ዲኮሮች፣ ማለትም ጫካ፣ የቤት ውስጥ ክፍል፣ ጎዳና የሚያሳዩ ሥዕሎች፣ እስከ ዛሬ አሉ። ኤልክስ በ1902 መድረኩን ሲያሠራ ያስመጣቸው አንዱ ወገን ናቸው፤ ከዚያ በፊት ያገለግሉ የነበሩት ደግሞ አልተጣሉም፣ ከጣሪያው ሥር ተሰቅለው ተቀምጠዋል። በቅርብ ዓመታት አንዲት የመድረክ ሥዕል ታሪክ አጥኚና የከተማዋ በጎ ፈቃደኞች አንድ በአንድ እያወረዱ፣ አቧራቸውን እያራገፉ መዘገቧቸው።

እነዚህን ሥዕሎች መያዝ ከባድ የሚሆነው በቀለማቸው ምክንያት ነው። የዚያ ዘመን የመድረክ ሠዓሊ ደረቅ የቀለም ዱቄት ከእንስሳት ቆዳ በተሠራ ማጣበቂያ ለውሶ፣ ሙቅ ሳለ ሸራው ላይ ይቀባል። ቀለሙ አያብረቀርቅም፤ መብራት ሲበራበት አያንጸባርቅም፤ ለመድረክ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በውኃ መሟሟቱ ነው። እርጥብ ጨርቅ የነካው ቦታ ይደበዝዛል፤ ከጣሪያ የወረደ የዝናብ ጠብታ ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች ቡናማ መስመር ያሰምርበታል። ስለዚህ የሚጸዳው በደረቅ መንገድ ብቻ ነው፦ በለስላሳ ብሩሽ፣ በመምጠጫ ማሽን፣ አቧራ በሚይዝ ደረቅ ስፖንጅ። አንድ ቀን ሙሉ ተሠርቶበት የሚጸዳው ስፋት ትንሽ ነው። አስቀድሞ ስለ ጣሪያው የተነሣውም ነገር እዚህ ላይ ትርጉሙ ይታያል።

ከዚያ የሰው ደኅንነት ይመጣል። ታኅሣሥ 30 ቀን 1903 በቺካጎ ኢሮኳይ ቴአትር ውስጥ እሳት ተነሥቶ ከ600 በላይ ሰው አልቋል። መውጫዎቹ አንዳንዶቹ ተቆልፈው፣ ሌሎቹ ተሸሽገውና ለመክፈት አስቸጋሪ ሆነው ተገኙ፤ ሕዝቡ በሮቹ ላይ ተደራርቦ ሞተ። ዛሬ በየሕዝብ አዳራሹ የምናያቸው ወደ ውጭ የሚከፈቱ፣ በደረት ሲገፉ የሚለቁ በሮች ከዚያ አደጋ በኋላ የተስፋፉ ናቸው። ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ ቴአትር ቤት ተጨማሪ መውጫ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያና አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ሳይገባለት ሕዝብ ሊሞላበት አይገባም።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ላለ አዳራሽ ደግሞ ሊፍት የግድ ነው። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ (የ1990) ያዝዛል፤ ሕጉ ባይኖርም እንኳ ደረጃ መውጣት ያቃታቸው አዛውንት የማይገቡበትን ቤት የማኅበረሰብ መድረክ ማለት አይቻልም። የት ይተከል የሚለው ነው የሚያከራክረው። የአሜሪካ የእድሳት መመሪያ እንደሚለው፣ አዲስ የሚጨመር ነገር አንድ ቀን ቢነሣ አሮጌው ሕንፃ ሳይጎዳ መቅረት አለበት። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሊፍቱ በሕንፃው ጀርባ ወይም ጎን በተጨማሪ ክፍል ይሠራል እንጂ የአዳራሹ ወለል አይቀደድለትም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከአንድ ቦታ አይመጣም። ኮሎራዶ በዚህ በኩል ለየት ያለ መላ አላት፦ በ1990 ሕዝቡ በድምፁ ሦስት የቀድሞ የማዕድን ከተሞች ቁማር ቤት እንዲከፍቱ ሲፈቅድ፣ ከሚሰበሰበው ግብር የተወሰነው ለታሪካዊ ሕንፃዎች እድሳት እንዲውል አብሮ ደነገገ። ታቦር ኦፔራ ቤትም ከዚህ ገንዘብ ተጠቃሚ ሆኗል። የተቀረው ከፌዴራል ድጋፍ፣ ከበጎ አድራጊ ድርጅቶችና ከነዋሪው መዋጮ ይሟላል። ሰጪዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ሥራው በምዕራፍ በምዕራፍ ይከፈላል፤ አንዱ ምዕራፍ ሳያልቅ የሚቀጥለው አይጀመርም። ሥራው ዘገየ ብሎ የሚያማርር ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ከእድሳቱ በኋላ ቤቱን የሚያኖረው በውስጡ የሚካሄደው ነገር ነው። በፔንስልቬንያ ያለችው የፊኒክስቪል ከተማ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1903 የተከፈተው ኮሎኒያል ቴአትሯ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በአካባቢው ሰዎች ማኅበር ተገዝቶ በ1999 ዳግም ተከፈተ። «ዘ ብሎብ» የተባለው የ1958 አስፈሪ ፊልም የተቀረጸው በከፊል እዚያ ነበርና፣ ከተማዋ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ፌስቲቫል ታዘጋጃለች፤ ሕዝቡ እንደ ፊልሙ እየጮኸ ከቴአትር ቤቱ ወደ ጎዳናው ይሮጣል። ሻይ ቤቱም፣ ሆቴሉም፣ ልብስ ሻጩም በዚያ ሰሞን ይጠቀማል። ይህ ደስ የሚል ነው፤ ነገር ግን ትልቁ መለኪያ የበዓሉ ቀን አይመስለኝም። በተራ ማክሰኞ የትምህርት ቤት መዘምራን የሚለማመዱበት፣ ቅዳሜ የሠፈሩ አማተር ተዋንያን የሚጫወቱበት፣ ኪራዩም የእነሱን አቅም ያገናዘበ ቤት ነው የሚሰነብተው።

በዴንቨርና በአውሮራ የምትኖሩ ወገኖች ለሌድቪል ሩቅ አይደላችሁም፤ መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉብኝቱ የሚመቸው በረዶው ከቀለጠ በኋላ ነው፤ ሥራው እየቀጠለ ስለሆነ ግን ክፍት መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስትሄዱ ወደ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ውጭ ቆም ብላችሁ ግድግዳውን እዩ፤ በጡቦቹ መካከል ካለው መጋጠሚያ የተጠገነውን ወገን ካልተጠገነው ጋር አስተያዩት። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታችሁ አስጎብኚውን ስለ ሸራዎቹ ጠይቁ።