ኪኒኑ እርግዝናን ይከላከላል፤ ኤች አይ ቪንስ?

እንበልና ረሆቮት፣ ኪርያት ሞሼ ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት የልጇን ቦርሳ ስታነሳ የወሊድ መከላከያ ኪኒን አገኘች። ልጅቷ 21 ዓመቷ ነው፤ ከሠራዊት ወጥታ ሥራ ይዛለች። እናት መጀመሪያ የምትለው "ከማን ጋር ነው? ሰው ምን ይላል?" ነው። ከዚያ ወይ ጩኸት ይነሳል፣ ወይ ቤቱ ዝም ይላል። በጩኸቱም በዝምታውም ግን ዋናው ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል። ልጅቷ እርግዝናን ተከላክላለች፤ ከኤች አይ ቪስ?

ኪኒኑ፣ የሦስት ወሩ መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረውና ማህፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕ ከቫይረሱ አይከላከሉም። እርግዝናንም ቫይረሱንም የሚከላከለው ኮንዶም ነው። ብዙ ወጣት ሴቶች ግን ኪኒን ሲጀምሩ "አሁንማ ተጠብቄያለሁ" ብለው ኮንዶሙን ይተዉታል።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በአፍሪካ ታይቷል። በኬንያ፣ በዛምቢያ፣ በደቡብ አፍሪካና በኤስዋቲኒ የወሊድ መከላከያ የፈለጉ 7,829 ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። ጥናቱ የተደረገው መርፌው ከሌሎቹ ይበልጥ ለቫይረሱ ያጋልጣል ወይ የሚለውን ለማጣራት ነበር። በመርፌው፣ በሉፑና በክንድ በሚቀበረው መካከል ትልቅ ልዩነት አልተገኘም። ሐኪሞቹን ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነው። በጥናቱ ጊዜ 397 ሴቶች በቫይረሱ ተያዙ፤ በዓመት ሲሰላ ከመቶ ወደ አራት የሚጠጉ ማለት ነው። ክሊኒክ እየተመላለሱ፣ ምክርና ኮንዶም እየተሰጣቸው ነው ይህ የደረሰው። እስራኤል ውስጥ ቫይረሱ ከእነዚያ አገሮች በጣም ያነሰ ነው። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል፤ የቤተሰብ ምጣኔና የኤች አይ ቪ ጥያቄ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ቀን መነሳት አለባቸው።

እኛ ቤት ለምን አይነሳም? ቁስል ስላለን ነው። በጥር 1996 ማጌን ዳቪድ አዶም ከእኛ ማኅበረሰብ የተለገሰውን ደም በኤች አይ ቪ ስጋት ይጥል እንደነበር በጋዜጣ ወጣ። በወሩ መጨረሻ በሺዎች የምንቆጠር ኢየሩሳሌም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ተሰለፍን። ከዚያ ወዲህ "ኤች አይ ቪ" የሚለው ቃል ሲጠራ ስድብ ይመስለናል። ነገር ግን ቫይረሱ ዘር አይመርጥም። ስለ እሱ ስላልተነጋገርን ክብራችን አይጨምርም፤ ልጆቻችን ብቻ ሳያውቁ ይቀራሉ። አባቶች "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ያሉት በከንቱ አይደለም።

ሌላም የምናስታውሰው አለ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የኩፓት ሆሊም የማህፀን ሐኪሞች የዴፖ ፕሮቬራ መርፌ የሚያስከትለውን በደንብ ላልተረዱ ሴቶች ማዘዛቸውን እንዳያድሱ መመሪያ አወጡ። ያ የሆነው ከእኛ እናቶች ብዙዎቹ ሳይገባቸው መርፌውን ይወስዱ ነበር የሚል አቤቱታ ስለተሰማ ነው። ከዚህ የምንማረው ክሊኒክ መሸሽን አይደለም፤ ክሊኒክ ገብቶ መጠየቅን ነው። "ይሄ መድኃኒት ምን ያደርጋል? ከምን አይከላከልም?" ማለት መብት ነው። ዕብራይስጥ የሚያስቸግራት ሴት ደግሞ መጌሸር ትጠይቅ፤ እህቷን ወይም ልጇን አስተርጓሚ አታድርግ። ዘመድ ፊት እንዲህ ያለ ነገር በነፃነት አይነገርም።

መፍትሔው ደግሞ ቅርብ ነው። የኤች አይ ቪ ምርመራ በኩፓት ሆሊም በሐኪም ሃፍናያ የሚደረግ ተራ የደም ምርመራ ነው፤ የአዋቂ ሰው ውጤት ለእናትም ለአባትም አይነገርም። አዲስ የተያዘ ሰው ምርመራው ወዲያው ላያሳይ ስለሚችል፣ መቼ መድገም እንዳለባት ሐኪሙን ትጠይቅ። ኮንዶሙን ለመተው ያሰቡ ሁለት ወጣቶች መጀመሪያ ሁለቱም ይመርመሩ። ስጋቱ ከፍ ያለ ሰው በየቀኑ የሚዋጥ "ፕሬፕ" የሚባል መከላከያ ኪኒን አለው። ኮንዶም ከተቀደደ ወይም በግድ የተደፈረች ካለች፣ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር መድኃኒት አለና ሳትውል ሳታድር ወደ ሆስፒታል ትሂድ። እዚሁ ረሆቮት ያለው ካፕላን ሆስፒታል የኤድስ ማዕከል አለው።

ቫይረሱ ቢገኝስ? ዛሬ እንደ ድሮው የሞት ፍርድ አይደለም። መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድና በደሙ ውስጥ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ያለ ሕክምና ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፉ ዕድል ከመቶ ከ15 እስከ 45 ነው፤ በሕክምና ግን ከ5 በታች ይወርዳል። እርጉዝ ሴት መመርመር ያለባት ለዚህ ነው።

አሁን ወደዚያች እናት እንመለስ። ኪኒኑን ወደ ቦርሳው ትመልሰው። ማታ ቡና ሲፈላ፣ ሰው በሌለበት እንዲህ ትበላት፦ "ልጄ፣ ለራስሽ ማሰብሽ ጥሩ ነው። ኪኒኑ ግን ከበሽታ አያድንም። ሐኪሟን ስለ ኤች አይ ቪም ጠይቂያት፤ ተመርመሪ፤ እሱም ይመርመር። ምንም ቢሆን ወደ እኔ ነይ።" ወንድ ልጅ ያላችሁም ይህንኑ ለእሱ ንገሩት፤ ኃላፊነቱ የሴቷ ብቻ አይደለም። ልጅቷ አፍራ ዓይኗን ትሰብር ይሆናል፤ ትሰማለች ግን።