«መጣ» ወይስ «መታ»?

በላቲን ፊደል ሲጻፉ ሁለቱ አይለዩም። ለጡረተኛ ነርስ ይህ ቀልድ አይደለም፤ እዚህ ደራ የማውቃቸው እናቶች የመድኃኒት ሰዓት ሳይቀር ልጆቻቸው በቴሌግራም ይጽፉላቸዋል፣ ያውም በላቲን።

ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የላኪው ፎንት ተቀባዩ ዘንድ ከሌለ ጽሑፉ ዝብርቅርቅ ይል ነበር። ለዚህ ከደከሙት አንዱ ዳንኤል ያዕቆብ ናቸው። እሳቸው ያዘጋጁት የአማርኛ ገበታ «ኪማን» በተባለ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት በሆነ ፕሮግራም ኮምፒውተርም ስልክም ላይ ይሠራል፤ ክፍያ የለውም። የእንግሊዝኛውን ትንሽ «ቲ» ሲነኩ «ት»፣ ትልቁን ሲነኩ «ጥ» ይወጣል። (ለኔ ዓይን ፊደሉ ቢተልቅ ደስ ይለኝ ነበር።)

ልጆቻችሁ ለበዓል ሲመጡ ይጫኑላችሁ፤ በራሳቸውም ስልክ ላይ።